የስኳር ግብሩ ፋብሪካውን ይንካ

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሲነሳ ጣታችን ቶሎ ወደ ሰውየው ይቀሰራል። «አፉን አይዝም»፣ «ስፖርት አይሠራም» እንላለን። ይህ ፍርድ ያንገበግበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ ይህ ችግር ነበረበት። በአዋቂዎች ዘንድ ከ1990 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ታዲያ የሰው ልጅ በ30 ዓመት ውስጥ ባንዴ ሰነፈ ማለት ነው? ለኔ የተለወጠው ገበያው ነው።

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጣሳ አንሱና ጀርባውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአዋቂ ሰው ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ ይላል። ስኳር ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ለማጓጓዝም አያስቸግርም። አትክልት ይበሰብሳል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ስለዚህ ኪሱ የሳሳ ሰው በትንሽ ገንዘብ ብዙ ካሎሪ የሚያገኘው ከስኳርና ከዘይት ነው። ኋላ የሚመጣው የስኳር በሽታና የደም ግፊት ወጪ ደግሞ በጣሳው ዋጋ ውስጥ አልተካተተም። እሱን የሚከፍሉት ቤተሰብና የጤና መድን ናቸው።

ግብርን የምደግፈው ለዚህ ነው። ሁሉም ግብር ግን አንድ አይደለም። ዴንማርክ በ2011 እንደ ቅቤና አይብ ባሉ ቅባት የበዛባቸው ምግቦች ላይ ግብር ጣለች። ሰዉ ድንበር ተሻግሮ ይሸምት ጀመር፣ ነጋዴው አማረረ፣ ሕጉም በ15 ወሩ ተሻረ። ሜክሲኮ በ2014 በጣፋጭ መጠጦች ላይ በሊትር 1 ፔሶ ስትጥል ግን ግዢው በመጀመሪያው ዓመት 6 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ቅናሹ ከዚህም በለጠ።

ልቤን የገዛው የብሪታኒያው ነው። በ2016 ታወጀ፣ በ2018 ተጀመረ። በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ላለው መጠጥ ግብር የለም። ሲጀመር ከ5 እስከ 8 ግራም ላለው በሊትር 18 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 24 ፔንስ ነበር። አምራቾቹ የሁለት ዓመት ጊዜ ስላገኙ ብዙዎቹ ስኳሩን ቀድመው ቀነሱ። በ2015 ከመጠጦቹ ግማሽ ያህሉ ከ5 ግራም በላይ ስኳር ነበራቸው። በ2019 ወደ 15 በመቶ ወረዱ። ገዢው የለመደውን ጠርሙስ ከለመደው መደርደሪያ ያነሳል፤ ማንም አይቆጣውም፣ ማንም አያሳፍረውም።

እዚያው አገር እንደ ብስኩትና ኬክ ያሉ ምግቦች አምራቾች እስከ 2020 ስኳራቸውን በ20 በመቶ እንዲቀንሱ በፈቃደኝነት ተጠየቁ። ምግቦቹ ተደምረው የተገኘው ቅናሽ 3.5 በመቶ ገደማ ነው። መንግሥቱ ያው፣ ገበያው ያው። እዚህ ግን እምቢ ያለ ምንም አይከፍልም።

ግብር ድሃውን ይጎዳል የሚሉትን እሰማቸዋለሁ፣ ስጋታቸው የእውነት ነው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለትምህርት ቤት ምገባና ለጤና ጣቢያ ካልዋለ እኔም ከእነሱ ጋር እቆማለሁ። በስኳር ፋንታ የሚገቡት ማጣፈጫዎችም ዝም ብለው የሚታለፉ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትጠቀሙባቸው ብሏል።

ቀጣዩ ሕግ ሲረቀቅ ብስኩቱም ኬኩም እንደ መጠጡ በስኳር መጠናቸው ይመደቡ። አምራቹ ቀኑን ከሁለት ዓመት በፊት ይወቅ። ተመኑም ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ ይስተካከል፤ ያለዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለፋብሪካው ከቁም ነገር የማይቆጠር ሳንቲም ይሆናል።