ጣቢያችንን የዘጋነው እኛው ነን

የጎጃም ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር እንዳትሰኙብኝ፣ ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

ባለፈው እናቴን ልጠይቅ አገር ቤት ገባሁ። ሬድዮኗ እንደ ድሮዋ ዳንቴል ለብሳ መደርደሪያው ላይ ናት። ባትሪዎቹ ግን ደጅ፣ ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። ትንሽ ነፍስ ይዘሩ ብላ ነው። ማታ ባትሪዎቹን መልሳ ከተተችና ከፈተቻት። የከተማችን የማኅበረሰብ ሬድዮ ጣቢያ የሚገባበትን ቦታ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋበታለች፤ መርፌዋን እዚያው ላይ አመጣችው። ሽሽሽ... ሌላ ምንም የለም። ትንሽ ጠበቀች። «ዛሬም የሉም» አለችና ዘጋቻት።

ዛሬም የሉም! ጣቢያው ዝም ካለ እኮ ቆይቷል። እሷ ግን ባትሪ እያሞቀች ትጠብቃቸዋለች። እኔ ልጇ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የምውለው ሰውዬ፣ መዘጋቱን የሰማሁት ያን ማታ ነው።

ማን ዘጋው ስትባሉ መልሳችሁን አውቀዋለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ናፍጣ ተወዷል፣ ማሰራጫው ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሰላሙም እንደምታውቁት ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ጣቢያው የማን ነበር? የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 እኮ የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለይቶ አስቀምጦት ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም የማኅበረሰቡን አልጣለውም። የማኅበረሰብ ሬድዮ ማለት ለትርፍ ያልቆመ፣ ባለቤቱ የአካባቢው ሰው የሆነ ጣቢያ ነው። ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። ሰው የገዛ ላሙ ስትታመም ጎረቤት መጥቶ እስኪያክምለት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል?

ምን ይሠራልን እንደነበር ረስታችሁት ከሆነ ላስታውሳችሁ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ነበር፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ መሆኑ ነው። ልጆቹ በነጻ ነበር የሚሠሩት። ገበሬው ከገበያ ሲመለስ ጎራ ይልና «በቅሎዬ ጠፍታለች፣ ዳማ ናት፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተሰነጠቀ» ብሎ ያስመዘግባል። ማታ ይነገራል። አንዳንዴ በማግስቱ ከሦስት ቀበሌ ማዶ ይዘዋት ይመጣሉ። ዱሮ በገበያ መሀል «አዋጅ፣ አዋጅ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል የነበረው እኮ እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር የቀጠለው። ቀብር የሚነገረው እዚያ። የበርበሬ ዋጋ የሚሰማው እዚያ፤ ደላላ ሲመጣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ዋጋ በጆሮህ ካለ እንዲህ በቀላሉ አይበላህም።

መጤው ተምች በ2009 አገራችን ሲገባስ? ትሉ በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተደብቆ ነው የሚበላው፣ ቆመህ ከሩቅ ስታየው ማሳህ ደህና ይመስልሃል። «ቅጠሉን ገልጣችሁ እዩ፣ በማለዳ ልቀሙ» እያለ ጠዋት ማታ የጮኸው ማን ነበር? ያውም በእኛው አነጋገር፣ የግብርና ባለሙያው ከሚናገረው የወረቀት አማርኛ አውጥቶ።

አሁን ፌስቡክ አለ፣ ቴሌግራም አለ ትላላችሁ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የት ነበር ታዲያ ቴሌግራሙ? ወሬ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ፣ ያልሞተ ሰው እየተለቀሰለት የከረምነው ያኔ አይደል? እናቴ ደግሞ ኢንተርኔቱ ቢኖርም ባይኖርም ለሷ አንድ ነው። ለብዙ እናቶቻችሁም እንዲሁ። «የባሕር ዳሩ ይሰማ የለ?» የሚልም አለ። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ ሲያገኝ ይቆማል። ጮቄን የሚያህል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆም ግድግዳ መሀላችን ላይ አለ። ቢሰማስ የናንተን ቀበሌ ቀብር ባሕር ዳር ይናገራል?

ነጋዴው፣ አንተን ልጀምር። ለአንድ ቲክቶከር የምትከፍለው ብር ጣቢያውን ስንት ጊዜ ናፍጣ ይሞላለት እንደነበር አስልተህ ታውቃለህ? ደንበኛህ እኮ ገበሬው ነው፣ ቲክቶክ አያይም። ዕድሮች ደግሞ ድንኳንና ወንበር ትገዛላችሁ፣ ጥሩ፣ የቀብር ማስታወቂያ ግን ለዓመታት በነጻ ስታስነግሩ አንድ ቀን «እንዴት ናችሁ?» ብላችኋል? አዲስ አበባና ውጭ ያላችሁት፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ስትጠየቁ እጃችሁ አይታጠፍም፣ እግዜር ይስጣችሁ። ለዚህ ግን የጠየቃችሁ ሰው ራሱ አልነበረም፣ ይህ ደግሞ እዚያው ያለነው ሰዎች ጥፋት ነው።

የጣቢያውንም ጥፋት አልሸፋፍንም። መጨረሻ አካባቢ ግማሹ ሰዓት የወረዳ ሪፖርት ንባብ ሆኖ ነበር። በዚህን ያህል ሄክታር ተዘራ፣ በዚህን ያህል መቶኛ ተከናወነ። ሰው ሰለቸውና ዘጋው። ግን ያኔ እንኳ ቢሮው ድረስ ሄዶ «ይህን ተዉልንና የአባ እንትናን ወግ መልሱልን» ያለ አንድ አድማጭ አልነበረም። ዝም ብለን ሄድን። ልጆቹም ዝም ብለው ሄዱ፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ አዲስ አበባ ገባች።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። በእነዚያ ዓመታት የቀዷቸው ድምፆች። የሽማግሌዎች ወግ፣ ቀረርቶ፣ የለቅሶ ግጥም፣ የዱሮ የዳኝነት ሥርዓት። ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ዛሬ የሉም። ድምፃቸው ያለው አንድ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ አቧራ በበላው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዋሸራንና ዲማን ያቀፈ አገር፣ በቅኔ የሚጠራ ሕዝብ፣ የራሱን አባቶች ድምፅ የሚሰማበት ቦታ አጣ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይሄ ነው።

እንግዲህ የምላችሁ ይህን ነው። በየከተማችሁ ጣቢያ ካለና እየተንገዳገደ ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱና በሩን አንኳኩ፣ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ከተዘጋ ደግሞ ያ ኮምፒውተር ሳይሸጥ ወይም ሳይጣል በፊት ድምፁ ይገልበጥ፣ ለዚህ አንድ ልጅና አንድ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ዕድራችሁ በሚሰበሰብበት ቀን ይነሳ። የእኛ ዕድር በሚመጣው እሑድ ይሰበሰባል፣ ለሊቀመንበሩ ደውዬ አጀንዳ አስይዣለሁ፣ እናቴም እመጣለሁ ብላለች።