ዘላቂነትን ሌላ ኮርስ አታድርጉብን

ዘላቂነት በቢዝነስ ትምህርት ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ አንድ ኮርስ እንጨምር። ሦስት ክሬዲት፣ አንድ ሞጁል፣ አንድ ፋይናል። ተማሪው ዘላቂነትን የተረጎመውን የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን የብሩንትላንድ ሪፖርት (እ.ኤ.አ. 1987) ፍቺ ይሸመድዳል፤ ስለ መጪው ትውልድ ፍላጎት ሁለት መስመር ጽፎ ኤውን ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ኮስት አካውንቲንግ (የወጪ ሂሳብ) ክፍል ሲገባ ግን ወንዝ የሚባል ነገር እንደሌለ አድርጎ ያሰላል።

ሐሳቡን እደግፋለሁ። የማልስማማው ቦታው ላይ ነው። መግባት ያለበት እዚያው ኮስት አካውንቲንጉ ውስጥ ነው።

አንድ የቆዳ ፋብሪካ ምሳሌ እንውሰድ። ጥሬ ቆዳ፣ ጨው፣ ኖራ፣ ቆዳ ማልፊያው ክሮም፣ መብራት፣ ደመወዝ፣ የማሽን እርጅና። ሁሉም ይደመርና ለካሬ ጫማ ይካፈላል። አለቀ። የቆዳ ፋብሪካዎቹን ከተማ ሞጆን ለሚያውቅ ሰው ግን አላለቀም። ቆዳ የሚለፋው በብዙ ውሃ ነው። ከክሮሙም ቆዳው ያልመጠጠው ከውሃው ጋር ይወጣል። ካልተጣራ ወደ ሞጆ ወንዝ ይሄዳል፤ የሞጆ ወንዝ ቆቃ ይገባል፤ ከቆቃ በታች አዋሽን ጠልፎ የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ፋብሪካው የማጣሪያውን ወጪ ካልከፈለ ያ ሰውዬ ይከፍለዋል፤ ደረሰኝ ግን የለውም።

ታዲያ ጥያቄው እንዲህ ቢወጣስ? ማጣሪያው ተተክሎ፣ ኬሚካሉና መብራቱ ተጨምሮ፣ ዝቃጩን የማስወገጃው ገብቶ አንድ ካሬ ጫማ ቆዳ ስንት ያወጣል? ማጣሪያው ጠፍቶ ሲውልስ ፋብሪካው በቀን ስንት ይተርፈዋል? ሁለተኛዋን ጥያቄ በተለይ እወዳታለሁ። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 ነው፤ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ማጣሪያ ተገዝቶ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የሚበራበት ምክንያት ግን ከአዋጁ ይልቅ በዚህች ስሌት ነው የሚገባው።

ቡናውም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮበት ከነበረ ማሳ የመጣ ቡና ገበያዬ አይገባም ይላል። የሚተገበርበት ጊዜ ሁለቴ ተገፍቷል፤ አልተሰረዘም። ላኪው የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ለአውሮፓው ገዢ ማቅረብ አለበት። የእኛ ገበሬ ማሳ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ናት፤ የስንቱ ገበሬ እሸት ቡና ደግሞ አንድ መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ይቀላቀላል። መገኛው ያልታወቀ ጥቂት ኩንታል ከገባ አብሮ የሚሸጠው ጠቅላላው ሎት ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል። ለይቶ ማከማቸት ስንት ያስወጣል? ማሳውን የመለካቱን ወጪ ማን ይሸከም፣ የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ላኪው ወይስ ገዢው? ይህን ተደራድሮ ውል ላይ የሚያሰፍረው የኛው የማኔጅመንት ተመራቂ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሰምቶት ያውቃል?

አካውንቲንግ የሚያጠኑትም አያመልጡም። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶቻችንን ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) አስገብቷል። ያንኑ ደረጃ የሚያወጣው ተቋም ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2023 የዘላቂነትና የአየር ንብረት ሪፖርት ደረጃዎችን አውጥቷል። ዛሬም ሆነ ነገ ደጃችን መድረሱ አይቀርም።

(ሲኤስአር፣ የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት፣ የምትባል ምዕራፍ አለች አትሉኝም መቼም። በክረምት የድርጅቱን ቲሸርት ለብሶ ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ ከፍሳሹ ሂሳብ ጋር ግን አይገናኝም።)

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ተማሪ የሚቸክለው የሚፈተነውን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ከመቶ ሃምሳ ካላመጣ ዲግሪ የለም። መምህሩም ዲፓርትመንቱም የሚሯሯጡት ለዚያ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ፈተናው ውስጥ የሌለ አዲስ ኮርስ ቢጨመር ሃንድአውቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይቀራል። ካሉት የኮስት አካውንቲንግ ጥያቄዎች ሁለቱ የፍሳሽን ወጪ ቢጠይቁ ግን በዓመቱ ሞጁሉ ራሱ ሲቀየር ታያላችሁ። ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ጥያቄ የሚያወጡትን ሰዎች ማሳመን ነው።

መምህራኑስ ያውቁታል ወይ የሚል ይኖራል። ሁሉንም ማወቅ የለባቸውም፤ ምሳሌውን ከሰፈራቸው ያምጡ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ መብራት ይበላል፣ ኬሚካል ይበላል፤ ወጪውን አንድ ሰው መሸፈን አለበት። ሼድ የተከራዩት ይካፈሉት ቢባል በምን ሂሳብ? በያዙት ካሬ ሜትር ወይስ በለቀቁት ውሃ? ጨርቅ የሚያቀልመውና ሸሚዝ ብቻ የሚሰፋው እኩል ይክፈሉ? ይህ መጽሐፉ ላይ ያለው የወጪ ማከፋፈል ምዕራፍ ራሱ ነው። መጽሐፉ ምሳሌውን ከአሜሪካ ፋብሪካ በዶላር ያመጣል፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን እዚያው ከተማው ውስጥ ሄዶ መጠየቅ ይችላል።