ዝም ያለ ልጅ ለምን ዜሮ ያገኛል?

ልጁ ኦቲዝም አለበት መባሉ አንሶ፣ «አይኪው (በፈተና የሚወጣ የማሰብ ችሎታ ቁጥር፣ አማካዩ 100 ነው) 58 ነው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትም አለበት» ሲባል አብዛኛው ወላጅ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከትና ይወጣል። ቁጥር ነዋ! ከቁጥር ጋር ማን ይከራከራል? እኔ ግን መከራከር አለብን ባይ ነኝ። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ለማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ክፍል፣ በቃል መልስ መስጠት መቻሉን ነው። የማሰብ ችሎታው ከዚያ ጀርባ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

ፈተናው እንዴት እንደሚሰጥ እንይ። ለልጆች በብዛት ከሚሰጡት አንዱ ዌክስለር ይባላል። የመጀመሪያው እትም የወጣው እንደ ፈረንጆች በ1949 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። በውስጡ ብዙ ዓይነት ነገር አለ። የቃል ትርጉም ይጠየቃል። ቀይና ነጭ ኩቦችን ገጣጥሞ የታየውን ቅርጽ መሥራት አለ። ምልክቶችን በፍጥነት መገልበጥ አለ። ስለ ማኅበራዊ ኑሮ «ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?» ዓይነት ጥያቄም አለ። ፈታኙ ከመመሪያው ዝንፍ ማለት አይችልም። ልጁ ስላልገባው ብቻ ጥያቄውን በራሱ ቃል አቅልሎ ማስረዳት አይፈቀድለትም። ልጁ በተከታታይ ጥቂት ጥያቄዎች ካመለጡት ያ ክፍል እዚያው ላይ ይቆማል። ዝም ካለም ዜሮ ነው። ያላወቀውም፣ ጥያቄው ለእሱ እንደሆነ ያልገባውም፣ የአምፖሉ እዝዝታ ጆሮውን ይዞት መስማት ያቃተውም እኩል ዜሮ ያገኛሉ።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ኩቦቹ ላይ ጎበዝ ናቸው። ይህ ከአርባ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። የማኅበራዊ ኑሮ ጥያቄው ላይ ደግሞ ይወድቃሉ። ከዚያ የዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ውጤት ይደመርና አንድ ቁጥር ይወጣል። የራስ ዳሽንንና የዳሎልን ከፍታ ደምሮ፣ ለሁለት አካፍሎ፣ «አገሩ መካከለኛ ነው» እንደማለት ነው።

በ2007 ሞንትሪያል ካናዳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን በጥሩ ሁኔታ አሳይተውታል። የጥናቱ መሪ ሚሼል ዶውሰን ራሷ ኦቲስቲክ ናት። ኦቲዝም ያለባቸውን 38 ልጆች ወስደው ሁለት ፈተና ሰጧቸው። አንዱ ዌክስለር፣ ሌላው ራቨን ነው። ራቨን ወሬ የለውም። አንድ ጎኑ የጎደለ የሥዕል ድርድር ይቀርባል፣ ልጁ ከሥር ካሉት ቁርጥራጮች የሚገጥመውን በጣቱ ይጠቁማል። «ቀላል ነዋ!» እንዳትሉ፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ አዋቂውንም ላብ በላብ ያደርገዋል። በዌክስለር ልጆቹ በአማካይ ከመቶ እኩዮቻቸው 26ቱን የሚበልጥ ደረጃ ላይ ነበሩ። በራቨን 56 ደረሱ። ያው ልጅ ነው፣ ያው ጭንቅላት ነው። በዌክስለር ሲሶው ያህሉ «ዝቅተኛ» የሚባለው ክልል ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በራቨን ግን ከመቶ 5 ብቻ። ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች ሁለቱንም ሲፈተኑ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየባቸውም።

በ2015 ከዚያው ከሞንትሪያል የወጣው ጥናት ለእኔ ይበልጣል። ጭራሽ የማይናገሩ ወይም ጥቂት ቃል ብቻ ያላቸው 30 ልጆች ነበሩ። ዌክስለርን የጨረሰ አንድም ልጅ አልተገኘም። በተለመደው አሠራር ቢሆን መዝገባቸው ላይ «መፈተን አይቻልም» ይጻፍና ፋይሉ ይዘጋል። እነዚህ ተመራማሪዎች ግን ራቨንን በእጅ እየተነሳ የሚገጠም ሰሌዳ አድርገው አቀረቡላቸው፤ ሥዕል ውስጥ የተደበቀ ቅርጽ መፈለግን የመሰሉ ሥራዎችም ጨመሩ። ከ30ው 26ቱ ቢያንስ አንዱን ሠሩ። የራቨኑን ሰሌዳ ከጨረሱት 17 ልጆች ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ውጤታቸው ከእኩዮቻቸው የተለመደ ክልል ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ዌክስለርን ጥለን ራቨንን እንያዝ? ቆይ፣ አንቸኩል። ራቨን ቋንቋ ስለሌለው ባህልም አይነካውም የሚሉ አሉ። ይህን ስሰማ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡት ልጆች ትዝ ይሉኛል። እዚያ በራቨን ሲፈተኑ እስራኤል ከተወለዱት ልጆች ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። እንዲህ ያለ ሥዕል እንዴት እንደሚታይ፣ በረድፍና በአምድ እንዴት እንደሚነጻጸር ጥቂት ሲያስተምሯቸው ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። የእስራኤላዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ የሬውቬን ፎየርስታይን መንገድ ይኸው ነበር፦ ፈትን፣ አስተምር፣ መልሰህ ፈትን። ልጆቹ ኦቲዝም አልነበረባቸውም። ነገር ግን ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ያለን፣ ቤቱ አማርኛ የሚሰማን፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አስቡ። ሁለቱም ችግር አንድ ላይ ነው የሚያርፍበት።

ፈተናው ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት በእርግጥ ያለባቸው ብዙዎች ናቸው። «ጎበዝ ነው፣ ውስጡ ያውቃል» እያሉ ድጋፍ መንፈግም በደል ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2020 መረጃው ኦቲዝም ካለባቸውና የአይኪው ውጤታቸው ከተገኘ የስምንት ዓመት ልጆች ውስጥ 38 ከመቶ ያህሉ 70 እና ከዚያ በታች እንደነበሩ ዘግቧል። የትኛው ፈተና እንደተሰጠ ሲቀየር ይህ ቁጥር ራሱ ስንት ይሆን እንደነበር ማሰብ ግን አይከፋም።

ከፍ ያለ ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። 105 ያመጣ ልጅ መንገድ ብቻውን መሻገር፣ ልብሱን መቆለፍ፣ ራበኝ ማለት ላይችል ይችላል። «አይኪውው ጥሩ ነው» ተብሎ ግን ድጋፉ ይከለከላል። ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ክብደት በዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎት እንዲመዘን ነው የሚለው። መመሪያው እንዲህ ይበል እንጂ ስብሰባ ላይ ሁሉም ዓይኑን የሚተክለው ያችው ቁጥር ላይ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የፌደራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ አንድ ፈተና ብቻውን የልጁን ዕጣ እንዲወስን አይፈቅድም። ምዘናው በልጁ ቋንቋ ወይም በሚግባባበት መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ መልሶ ማየትም አለ። በትምህርት ቤቱ ምዘና ካልተስማማችሁ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ። ጽሕፈት ቤቱ ካልተስማማ የራሱ ምዘና በቂ መሆኑን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። የኛ ሰው ግን ይሉኝታ ይይዘዋል። ባለሙያዋ ፈገግ ብላ ወረቀቱን ስታቀርብለት ይፈርማል። አገር ቤት ደግሞ ልጁን የሚመዝንለት ባለሙያ ያገኘ ወላጅ ራሱ ዕድለኛ ነው። ዘሚ የኑስ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ስትከፍት ብዙ ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው ነበር የሚያድጉት። ውጭ አገር ልጆች ላይ የተሠራ መለኪያ ተገልብጦ የተነበበለት ልጅ ካለ ደግሞ፣ ከማን ጋር እንደተነጻጸረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱን ስትቀበሉ አጠቃላይ ድምሩን እለፉትና የየክፍሉን ውጤት ጠይቁ። የትኛው ፈተና ነው? ያለ ንግግር የሚሠራ ተሰጥቶታል ወይ? እረፍት ነበረው? ማን አስተረጎመ? የሳተውና መልስ ያልሰጠበት ተለይተው ካልተጻፉም እንዲለዩላችሁ ጠይቁ። ፈታኙ ቅጹ ላይ ምልክት አድርጎበት ይሆናል።