ኢንተርሉኪን-6ን ዝም ማሰኘት ዕዳ አለው

ብግነት የበሽታ ሁሉ ሥር ነው፣ ስለዚህ ብግነትን ማጥፋት ነው የሚለው ምክር ከጤና ገጾች እስከ እንክብል ሻጮች ተንሰራፍቷል። በዚህ ክስ ቶሎ ስሙ የሚነሣው ኢንተርሉኪን-6 ነው፤ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ሳይቶካይን ከሚባሉት ፕሮቲኖች አንዱ። ክሱ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ፕሮቲኑን በደፈናው “መጥፎ” ማለት እሱን የሚያግደው መድኃኒት የት እንደሚያድን፣ የትስ እንደሚጎዳ ይጋርድብናል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ታዳሚትሱ ኪሺሞቶ፣ ቶሺዮ ሂራኖና ባልደረቦቻቸው በጃፓን ኦሳካ የፕሮቲኑን ዘረ መል ለይተው ሲያወጡ ፍለጋቸው ወንጀለኛ አልነበረም፤ ቢ ሴሎች የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች አንቲቦዲ እንዲያመርቱ የሚገፋፋውን ነገር ነበር። ሌሎች “ጉበት ቀስቃሽ” እያሉ ይከታተሉት የነበረው ነገርም ያው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ሰውነት ሲቆስል ወይም ተሕዋስ ሲገባበት ፕሮቲኑ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይበዛል። ጉበት ትእዛዙን ተቀብሎ ሲአርፒ የሚባለውን የብግነት ጠቋሚ ፕሮቲንና ደም እንዲረጋ የሚያግዘውን ፋይብሪኖጅን ማምረት ይጀምራል፤ ትኩሳት ይነሣል። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞንም ይለቃል፤ እሱ ብረት ከአንጀትና ከሴሎች ወደ ደም የሚወጣበትን በር ይዘጋል። ተሕዋሱ ብረት እንዲያጣ የተዘየደ ብልሃት ነው፤ ለጥቂት ቀናት ይጠቅማል። ለወራት ሲዘልቅ ግን ያው ትእዛዝ የደም ማነስ ያመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል፦ ደሙ አነሰ ተብሎ የብረት ክኒን ይታዘዛል፣ የአንጀቱ በር ግን ዝግ ነው። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን መደበኛ ወይም ከፍተኛ ሆኖ የትራንስፈሪን ሙሌት (በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ የሚያሳየው) ከ20 በመቶ በታች ከወረደ፣ ክኒን ከመጨመር በፊት ብግነቱን ያስነሣው ነገር ይፈለግ።

የነገሩ ቁልፍ መልእክቱን ሴሉ ላይ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ማለትም ተቀባዩ፣ ላይ ነው። የኢንተርሉኪን-6 ተቀባይ በገላቸው ላይ ያላቸው በዋናነት የጉበት ሴሎችና አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባው አጋር ፕሮቲን ጂፒ130 ግን በሁሉም ሴል ላይ አለ ማለት ይቻላል። አዳም17 የሚባል ኢንዛይም ተቀባዩን ከሴሉ ገጽ ሲቆርጠው፣ ቁራጩ ደም ውስጥ ሆኖ ኢንተርሉኪን-6ን ይይዝና ቀድሞ መልእክቱን መስማት የማይችል ሴል ጋ ሄዶ ጂፒ130ን ያንኳኳል። ሥር የሰደደው ጉዳት በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው መንገድ ጋር ይያያዛል፤ የመጀመሪያው ከመከላከልና የአንጀት ግድግዳን ከመጠገን ጋር። እንደ ቶሲሊዙማብና ሳሪሉማብ ያሉት ተቀባዩን የሚይዙ መድኃኒቶች ሁለቱንም መንገድ በአንድ ላይ ይዘጋሉ። የትልቁ አንጀት ከረጢቶች ብግነት ያለበት ወይም የነበረበት ሰው እነዚህን ሲወስድ አንጀቱ እንዳይበሳ የሚፈራውም በከንቱ አይደለም።

ጡንቻም ይህን ፕሮቲን ያመነጫል። ማራቶንን በመሰለ ረጅም ሩጫ ደም ውስጥ ያለው መጠን እስከ 100 እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ ከዚያም ብግነትን የሚያበርደው ኢንተርሉኪን-10 ይከተላል። የሯጩን ውጤት ብቻ ያየ ሰው በጽኑ የታመመ ይመስለዋል። የተቀዳ ደም ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ ለሰዓታት ከቆየም ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ፕሮቲኑን ሊለቁት ይችላሉ። በአንድ ቁጥር ብቻ መፍረድ አያዋጣም።

ቶሲሊዙማብ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የሊምፍ ዕጢዎችን ለሚያሳብጠው ለካስልማን በሽታ ተፈቀደ፤ ቀጥሎ ለሩማቶይድ አርትራይተስ። ለዚህ የመገጣጠሚያ በሽታ በደም ሥር በየ4 ሳምንቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 8 ሚሊግራም፣ ወይም ከቆዳ ሥር በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 162 ሚሊግራም ይሰጣል። በኮቪድ ጊዜ የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት 4,116 ሕሙማንን አካተተ። መመዘኛው ግልጽ ነበር፦ ኦክስጅናቸው ከ92 በመቶ በታች የወረደ ወይም ኦክስጅን የሚሰጣቸው፣ ሲአርፒያቸውም በሊትር 75 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሆነ። በ28 ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 31 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 35 በመቶ ሞቱ። አብዛኞቹ ስቴሮይድም ይወስዱ ነበር። በእኔ እምነት መድኃኒቱን ያህል የሕሙማኑ ምርጫም ሠርቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ለልብ ሕሙማን በዝቅተኛ መጠን የተሰጠው ሜቶትሬክሴት የሚባል ሌላ ፀረ ብግነት መድኃኒት ኢንተርሉኪን-6ንም ሲአርፒንም አልቀነሰም፤ ከድንገተኛ የልብ ሕመምም አላዳነም። “ፀረ ብግነት” አንድ ነገር አይደለም።

በቂ ያልተነገረለት አደጋ መድኃኒቱ ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ማጥፋቱ ነው። ጉበት ትእዛዝ ስለማይደርሰው ሲአርፒ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሳንባው የታመመ ወይም አንጀቱ የተበሳ ሰው ትኩሳት የሌለው፣ ሲአርፒውም “ጥሩ” ሊሆን ይችላል። ይህ ለሳምንታት ስለሚቆይ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም መድኃኒቱን መወሰዱን ካላወቀ ይታለላል። የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የሆድ ሕመምና የምስል ምርመራ ከላቦራቶሪው ይቀድማሉ። ኢንተርሉኪን-6 ራሱ ደግሞ ከመርፌው በኋላ ሲለካ ይጨምራል፤ ከደም የሚጸዳው በተቀባዩ በኩል ስለነበር ነው እንጂ ሕክምናው ስለከሸፈ አይደለም።

ቶሲሊዙማብ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ከመጀመሩ በፊት ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ ይመረመራሉ። ኒውትሮፊል (ተሕዋስ የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል) በማይክሮሊትር ከ2,000፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ከ100,000 በታች ከሆነ፣ ወይም የጉበት ኢንዛይም ከመደበኛው ጣሪያ ከአንድ ተኩል እጥፍ ከበለጠ መጀመር አይመከርም። ከተጀመረ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እነዚሁ ይደገማሉ፤ የደም ቅባትም ይታያል።

ተቀባዩን ትቶ ፕሮቲኑን ራሱን የሚይዝ ሲልቱክሲማብ የሚባል መድኃኒትም ለካስልማን በሽታ አለ። ነገር ግን ኤችኤችቪ-8 የተሰኘው ቫይረስ የራሱን ኢንተርሉኪን-6 ይሠራል፤ ሲልቱክሲማብ ይህን አይዘውም፤ የቫይረሱ ፕሮቲንም ያለ ተቀባዩ ጂፒ130ን በቀጥታ ማንኳኳት ይችላል። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ከኤችአይቪም ከኤችኤችቪ-8ም ነጻ መሆናቸው በምርመራ ለታወቀ ሕሙማን ብቻ የተፈቀደው።