ጎረቤታችሁን በውሻችሁ አትስደቡ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ በተለይ ውሻ ይዛችሁ ጣና ዳር የምትንሸራሸሩ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ዓርብ ወደ ቀትር ገደማ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ከፊታችሁ ይመጣል። ማሰሪያውን እንደማሳጠር ታላሉታላችሁ። ውሻው ሊያሸተው ሲጠጋ ሰውየው ወደ ኋላ ይላል፤ እናንተም «አይነክስህም፣ ምን ያስፈራሃል?» ብላችሁ ትስቃላችሁ። ማታ ቡና ላይ ይኸው ነገር «እስልምና እንስሳ ይጠላል» ሆኖ ይቀርባል። ሰውየው ግን የሸሸው ንክሻን አይደለም፣ ለሃጭን ነው። ጥቂት ቆይቶ ሊሰግድ ነው፤ ለሶላት ደግሞ ልብሱ ንጹሕ መሆን አለበት።

ነገሩን በልኩ ዕወቁት። በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ በስፋት የሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አተረጓጎም ትምህርት) ውሻን ሙሉ በሙሉ ነጃሳ፣ ማለትም በሃይማኖቱ ርኩስ፣ አድርጎ ይቆጥራል፤ እርጥብ አፍንጫው ወይም ለሃጩ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ አፈር በተቀላቀለበት ውሃ ነው። የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ለሃጩን እንጂ ገላውን ነጃሳ አይሉም። ማሊኪዎች ደግሞ ውሻ በሕይወቱ ሳለ ንጹሕ ነው ባዮች ናቸው፤ ውሻ አፉን ያስገባበትን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠቡን የሚቀበሉት እንደ አምልኮ ትእዛዝ ነው። ደረቅ ጸጉር ደረቅ ልብስ ቢነካ በሻፊዒዎችም ዘንድ የሚተላለፍ ነገር የለም። እንግዲህ «እስልምና ስለ ውሻ እንዲህ ይላል» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ለሚደመድም ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው መዝሀብ?» ነው።

የእናንተ ድርሻ ቀላል ነው። ማሰሪያው ከአንድ ሜትር ተኩል አይርዘም። ሰው ሲቀርብ ሰብስባችሁ ያዙትና ውሻውን ከመንገደኛው ራቅ ባለው ጎናችሁ አስኪዱት። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የወጣ ከሆነ ራሱን አራግፎ ሳይጨርስ ወደ መንገዱ አታውጡት። ነክቶት ከሆነም ክርክር አታንሱ፤ «የት ላይ ነው የነካህ?» ብላችሁ ውሃ አቀብሉት። አፈሩን እሱ ያውቅበታል።

«እንስሳ ይጠላል» ለሚለውም ቢሆን ጽሑፉ ሌላ ነው። ቁርኣን በአል-ከህፍ ምዕራፍ ከዋሻው ወጣቶች ጋር እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ የተኛውን ውሻ ያነሳል። አል-ማኢዳ ቁጥር 4 የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ ይዞ ያመጣውን መብላት ይፈቅዳል። ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ያወጣው ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ሐዲስን (የነቢዩን ንግግርና ተግባር) የሰበሰቡት ሊቃውንት ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበዋል። በእነዚሁ መዝገቦች ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት እንደተቀጣች ተጽፏል። ድመት እንዲያውም ነጃሳ አይደለችም፤ የጠጣችበት ውሃ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስል ጥያቄ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። በሶሒሕ ሙስሊም (የሙስሊም የሐዲስ መዝገብ) ነቢዩ ሙሐመድ የመዲና ውሾች እንዲገደሉ አዘው፣ ኋላ ከልክለው፣ ጥቁሩን ግን ከክልከላው እንዳወጡ የሚናገር ሐዲስ አለ። ለአደን፣ ለመንጋ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከምንዳው በየቀኑ እንደሚቀነስበት የሚናገርም አለ። ኡለማዎቹ ራሳቸው የመጀመሪያውን በምን ሁኔታ እንደታዘዘ፣ ሁለተኛው የቤት ጠባቂን ይጨምር እንደሆነ ሲከራከሩበት ኖረዋል። መንቀፍ የፈለገ ሰው እዚህ ላይ ይንቀፍ፤ ሐዲሱን ጠቅሶ፣ መልሱንም ሰምቶ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 እምነትን፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚኖሩ ናቸው። ሙስሊም ወገኖቼም ጥያቄ በተነሳ ቁጥር «ተደፈርን» ማለት መልስ እንደማይሆን ዕወቁ። የተጠየቀው ጽሑፉ ነው፤ የሚመልስ ሼህ ደግሞ አይጠፋም። ነገር ግን ሐዲስ መንቀፍና ጀለቢያ የለበሰውን ጎረቤት ማሳቅያ ማድረግ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ዕውቀት አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው የበዛው።

ደግሞስ ይህን የምንለው እኛ ክርስቲያኖች ማን ሆነን ነው? የተንገላታን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» የምንለው እኮ እኛው ነን። አምባዛ ቅርፊት የለውም ብለን፣ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ጠቅሰን፣ ቆሮሶ ብቻ መርጠን የምንበላ ሞልተናል። ማንም «ክርስትና ዓሣ ይጠላል» አላለንም።

ውሻ እንወዳለን የምንለውም ሲታይ እንዲህ ነው፦ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ፀሐይ ላይ፣ ውሃው ቆርቆሮ ውስጥ የጋለ፣ ምግቡ የወጥ ትራፊ። ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ማታ ሲለቀቅ የሚነክሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሰውና መንገድ ስላልለመደ ነው። ሴቷ በሁለት ወር ትወልዳለች፤ ቡችሎቹ በጆንያ ተቋጥረው ሐይቅ ዳር ይጣላሉ። ያን ጆንያ የሚጥለው ሰው ሃይማኖቱ በጆንያው ላይ አልተጻፈም።

የእርድም ወቀሳ እንዲሁ ነው። «ሐላል እርድ ጭካኔ ነው» የሚለውን ቃል ከውጭ አገር ሰምቶ የሚደግም ሰው ባሕር ዳር ውስጥ መስማት ይገርማል። እዚያ ክርክሩ ከብቱ ከመታረዱ በፊት ይደንዝዝ አይደንዝዝ የሚል ነው። እዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳያደነዝዝ አንገት ነው የሚቆርጠው፤ አንዱ «በስመ አብ»፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ይላል። ስለዚህ ወቀሳው ትክክል ከሆነ የፋሲካውንም በግ ይጨምራል። ትክክለኛው ወቀሳ ቢላዋው ላይ ነው። የደነዘ ቢላዋ ይገዘግዛል፤ ከብቱ ራሱን ሳይስት ይቆያል፣ ሥጋውም ደም ይይዛል። ቢላዋው ከአንገቱ ወርድ እጥፍ ያህል ይርዘም፤ ጥርስ አይኑረው። ከብቱ በማያይበት ቦታ ይሳል። ሌላው እያየ አንዱ አይታረድ። ከመታረዱ በፊት ውሃ ይጠጣ፣ ከመንገድ የመጣም ይረፍ። በአንድ ወጥ ስበት ጉሮሮውና በግራ ቀኝ ያሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ይቆረጡ፤ ነፍሱ ሳይወጣ አከርካሪው አይሰበር፣ ቆዳውም አይነካ። ቢላዋ መሳልንና የሚታረደውን ማሳረፍን የሚያዝ ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ስላለ በደነዘ ቢላዋ የሚያርደውን ሙስሊም በራሱ መጽሐፍ ልትገሥጹት ትችላላችሁ። ክርስቲያኑን በምን እንደምትገሥጹት ግን አስቡበት፤ እሱም ያው ቢላዋ ነው የያዘው።

አሁን ሁላችንንም ወደሚያሳፍረው ልምጣ። በአረፋም በፋሲካም ማግስት በየአጥሩ ሥር የሚሆነው አንድ ነው። ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ሲገኝ «ይህስ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ ከረጢት የትል እጭ የሞላበት ነው። ውሻው ሲበላው እጮቹ አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ትሎች ይሆናሉ፤ በስድስት ሳምንት ገደማ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ጸጉሩ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ የጓሮ ጎመን ላይ ይቀራል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስ ልጅ እንቁላሉን ይውጠዋል። በልጁም ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት በዝግታ ያድጋል፤ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ውሻው ደግሞ ምንም ምልክት አያሳይም። ሰዉን የሚያዘናጋውም ይህ ነው።

ስለዚህ ውሻችሁ በእርዱ ቀን ይታሰር። የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ከረጢቱን ሳትበሱ ከአንድ ሜትር ባላነሰ ጉድጓድ ቅበሩት፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት፣ አለዚያ ማታውኑ ይቆፈራል። ለውሻ መስጠት ካለባችሁ ቆራርጣችሁ ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉት። የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፤ ስለዚህ ውሻውን ሳትመዝኑ አትግዙ። የሰጣችሁት ሰሞን የሚጥለውን ሰብስባችሁ ቅበሩ። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ መጪውን አይከላከልም፤ ጥሬ ሳንባ ከቀጠለ ገንዘባችሁ ባከነ።

የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ስሕተት አለ። አንዳንድ ሙስሊሞች ሰባቱን መታጠብ «ሳይንስ አረጋገጠው» ይላሉ። የአምልኮ ሥርዓት እንደ ሥርዓት ይከበር፤ ክትባትን ግን አይተካም። ከእኛም ወገን ጠበል ተጠምቄአለሁ፣ ሥር በጥብጬ ጠጥቻለሁ ብሎ ከሐኪም የሚቀር አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ ሰው አይምርም ማለት ይቻላል። የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ቁስሉን ውሻ የላሰው ሰው ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ በሰዓት እየለካ ይታጠብ። አዮዲን ካለ ይቀባ። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ አይነስነስበት፤ ቁስሉም ቶሎ በስፌት አይዘጋ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። በክንድ ጡንቻ የሚሰጠው ዘመናዊ ክትባት በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም ያ ቀን ዜሮ ተብሎ ተቆጥሮ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ይቀጥላል፤ ንክሻው ወይም ጭረቱ ቆዳ ከበሳ፣ ወይም ውሻው ክፍት ቁስል ከላሰ፣ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ሕመሙ ስለጠፋ ሦስተኛውን መዝለል ራስን ማታለል ነው፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከወር እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል። የነከሰውን ውሻ አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት፤ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም። ክትባቱ ግን ያን ቀን አይጠበቅለትም፣ ወዲያው ይጀመራል።

ቡችላ በሦስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተባል። ድመትም እንዲሁ። የውሻ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በባሕር ዳር ሙቀት ኪስ ውስጥ የዞረ ብልቃጥ ውሃ ነው። በረዶ የያዘ ዕቃ ያልያዘ ከታቢ ደጃችሁ ቢመጣ መልሱት።

የመንገድ ውሻ ሲበዛ መርዝ በሥጋ የሚበትኑም አሉ። መርዙ ውሻው ላይ አይቆምም፤ ሬሳውን የበላ ጅብና ጥንብ አንሳም ይሞታል። የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ያልቅና በባዶው ሰፈር ክትባት የማያውቅ አዲስ ውሻ ይገባበታል። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው መዛመቱን ያቆማል፤ በመርዝ እዚያ አይደረስም።

መዥገርና ቁንጫ ለማጥፋት በዲያዚኖን የታጠበ ውሻም ወደ ጣና አይግባ፤ እጣቢውም አይደፋበት። ዓሣ ይገድላል። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች፣ ሙስሊሞች ናቸው፣ ከዚያው ዳር ይጠጣሉ፣ ውዱእም ያደርጋሉ። ውሻውን ከሐይቁ ራቅ አድርጋችሁ ሣር ላይ እጠቡት፣ እስኪደርቅ እሰሩት፣ የተረፈውን መድኃኒት ከነጠርሙሱ ለሸጠላችሁ ሰው መልሱ።