ሟች የጠፋበት ድራማ

ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ ቱሉ ዲምቱ ማሳ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ብሔራዊ ለመድረስ ግን ሁለት ታክሲና አንድ ረጅም ሰልፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ለአቅመ ደካሞች ገቢ ማሰባሰቢያ ሲታሰብ ድራማው እዚሁ ግቢ ይሠራል።

ድርሰቱ «የጋራ» ነው። 7 የኮሚቴ አባላት አንዳንድ ትዕይንት ጨምረውበታል ማለት ነው። ለ45 ደቂቃ የታሰበው 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። መቀነስ አይሞከርም፤ የተቆረጠው የየትኛው ብሎክ ሐሳብ እንደሆነ ይታወቃላ!

ሚኒስትር፣ ዶክተር ወይም ከአሜሪካ የመጣ ወንድም ለመሆን ግፊያ ነው። የሚጠፋው ሟች ነው። ልጁ እሺ ቢል እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ኮሙናል ድረስ ትመጣለች፦ «ሟርተኞች! ልጄን በቁሙ ልትገንዙት ነው?» ስለዚህ ሟቹ ባሕር ማዶ እንዲሞት ይደረግና መርዶው በስልክ ይደርሳል። ለአልቃሾቹ ልምምድ አያስፈልግም፤ ሰፈሩ ሙያውን ያውቀዋል። ማስቆሙ ነው ጣጣው፤ የመድረኩ ለቅሶ ሲያበቃ የተመልካቹ ይጀምራል።

መድረኩ በቢራ ሳጥን ላይ ጣውላ ተደርድሮ ይሠራል። ሳጥኖቹ ተራርቀው ከተቀመጡ ጣውላው መሐሉ ይረግባል፤ የጣውላዎቹ ጫፍ ሳጥን ላይ ካልተገናኘ ደግሞ ሚኒስትሩ ሲራመዱ ከንግግራቸው ይልቅ ጣውላው ይሰማል። የእድሩ ምንጣፍ ከላይ ቢነጠፍ ጩኸቱ ይቀንሳል። ሳጥኖቹን ባዶ መበደር ነው፤ ሙሉ ከመጡ እስከ ሁለተኛው ትዕይንት ባዶ መሆናቸው አይቀርም። የመጋረጃው ገመድ ናይለን ከሆነ እየተለጠጠ ይረግባል፤ ሽቦ ይሻላል። ሞንታርቦው ከተዋናዩ ኋላ ከቆመ ማይኩ ያፏጫል፤ ወደፊት አምጥቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ማዞር ነው።

ዋናው ፈተና መብራት ነው። ከጎረቤት ቤት በኤክስቴንሽን ይሳባል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት የሚችለው 3520 ዋት ነው። ባለ 500 ዋት ፓውዛ ሁለት ቢሰካ ገና 1000 ነው፤ ሰላም ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ይበላል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ብሬከሩ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ልክ መርዶው ሲነገር ነው።

ግቢው ይጨልማል። ሕዝቡ ጥበብ መስሎት ያጨበጭባል። አዘጋጁ በስልኩ መብራት ደረጃውን ሲወጣ ከአንደኛ ፎቅ ድምፅ ይመጣል፦

«ሁለት እንጀራ ነው የቀረኝ፣ ትንሽ አልቅሱ!»