ቁሌቱን ማን አቁላላው?

እኔ የምለው፣ የቴሌቪዥን ምግብ አብሳዮች ሽንኩርቱን ማን ነው የሚከትፍላቸው? ካሜራው ሲበራ ሁሉም ነገር በትንንሽ ሳህን ተሰድሮ ይጠብቃቸዋል። እንባ የለ፣ ልጣጭ የለ። ከዚያ "ሽንኩርታችን ከተቁላላ በኋላ" ይሉና ከጠረጴዛው ስር ሌላ የበሰለ ድስት ብቅ! የዶሮ ወጥ ቁሌት እኮ መጀመሪያ ያለ ዘይት እየተማሰለ፣ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ሰዓታት የሚፈጅ ነገር ነው። ዶሮዋን መለብለቡ፣ 12 ብልት ማውጣቱ፣ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠቡስ? እሱ "ቀድመን አዘጋጅተነዋል" ተብሎ ይታለፋል። ዋናው ሥራ እኮ እሱ ነው!

ሌላ ቀን ደግሞ ላዛኛ ነው። "ኦቨናችሁን 180 ዲግሪ ላይ አሙቁ።" የቱን ኦቨን? ብዙዎቻችን ያለን ከሰልና አንድ ምድጃ ነው፤ ምድጃውም መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል። ሞዛሬላ፣ የወይራ ዘይት፣ ክሬም ሲደረደር ዋጋቸውን የሚያነሳ የለም። የቤት አስቤዛ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን እሱን ነው። የምስርን ዋጋ ከሽሮ ዋጋ ጋር የምናመዛዝን ሰዎች ነን እኮ!

የጾም ምግብ ሲያሳዩ አንዳንዴ ይጠቅማሉ፣ አልክድም። ግን የድስቱን ቂጥ የሚፈገፍገው ማነው? አንድም ቀን ሲያጥቡ አይቼ አላውቅም።

ደግሞ ቅምሻው! ጉርሻው ገና አፍ ሳይደርስ "እምምም... በጣም ይጣፍጣል!"

ኧረ መጀመሪያ ዋጡት!